ካራ፣ አፎቱና የሠሪው ስም

በካዛንቺስ ወይም በቂርቆስ ከሚገኝ ሥጋ ቤት ተቀምጦ ቁርጥ የበላ ሰው ሁሉ የሚያውቀው አንድ ነገር አለ፤ ሥጋው የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ካራው የዶለዶመ እንደ ሆነ ማዕዱ ይበላሻል። ይሁን እንጂ ይህን ያህል ጥቅም የሚሰጠው መሣሪያ ከወዴት እንደ መጣ፣ ማን እንደ ሠራው፣ ብረቱ ምን ዓይነት እንደ ሆነ ሻጩም ገዢውም ብዙ ጊዜ አይጠያየቁም። የሚጠየቀው ዋጋው ብቻ ነው። ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ልማድ ያለበት ገበያ ግን በዓለም ላይ አለ፤ ይኸውም በጃፓን ስልት በእጅ የሚሠራው የማይታጠፍ ካራ ገበያ ነው። በዚያ ገበያ ገዢው የካራውን ርዝመት፣ የብረቱን ዓይነት፣ የእጀታውን እንጨትና የአፎቱን አሠራር አስቀድሞ ተናግሮ ያዝዛል፤ ከዚያም ሳምንታት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ይጠብቃል፤ በመጨረሻም ለተራ ቢላዋ ከሚከፈለው ብዙ እጥፍ የሆነ ገንዘብ ከፍሎ ደስ ብሎት ይቀበላል። ነጋዴ የሆነ ሰው «አንድ ክንድ የማይሞላ ብረት ይህን ያህል ገንዘብ የሚያወጣው በምን ምክንያት ነው?» ብሎ ቢጠይቅ ጥያቄው ተገቢ ነው።

እንዲህ ያለው ካራ ከአፎቱ ሲመዘዝ ዓይን የሚማርክ ጌጥ አይታይበትም። ጀርባው ቀጥ ያለ፣ ገላው ስስ፣ እጀታው ያልተቀባ እንጨት ነው። ትኩር ብሎ የተመለከተው ሰው ግን ከስለቱ ጥቂት ከፍ ብሎ ከእጀታው እስከ ጫፉ የሚሄድ እንደ ጭጋግ የደበዘዘ መስመር ያያል። ይህ መስመር የሁለት ብረቶች መጋጠሚያ ነው። ስለቱ እጅግ ጠንካራ ከሆነ አረብ ብረት፣ የቀረው ገላው ደግሞ ከለስላሳ ብረት ተሠርቶ፣ ሁለቱ በእሳትና በመዶሻ አንድ ሆነዋል። ጠንካራው ብረት ብቻውን ቢሆን ስለቱ ይሰምራል፣ ነገር ግን ካራው ሲወድቅ ይሰበራል፤ ለስላሳው ብቻውን ቢሆን አይሰበርም፣ ነገር ግን ስለት አይዝም። ቀጥቃጩ የአንዱን ጉድለት በሌላው ሸፍኖታል።

የብረት ጥንካሬ የሚመጣው በውስጡ ካለው የካርቦን መጠን ነው። ጃፓኖች ለስለት የሚመርጡት አረብ ብረት ከመቶ አንድ እጅ፣ አንዳንዱም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ካርቦን ያለበት ነው። ከእነዚህ ብረቶች የታወቁት ሁለቱ «ነጭ ወረቀት» እና «ሰማያዊ ወረቀት» ይባላሉ። ስሙን የሰማ ሰው ጥልቅ ምስጢር ያለበት ይመስለዋል፤ ነገሩ ግን ብረት አምራቹ ኩባንያ እያንዳንዱን ዓይነት በየቀለሙ ወረቀት ጠቅልሎ ይሸጥ ስለ ነበረ የመጠቅለያው ቀለም የብረቱ ስም ሆኖ መቅረቱ ነው። ሮክዌል በተባለው የጥንካሬ መለኪያ የአውሮጳ የወጥ ቤት ካራ ብዙውን ጊዜ ከ56 እስከ 58 ሲደርስ፣ የጃፓኑ 60ን አልፎ እስከ 65 ይሄዳል። ይህ ልዩነት በቁጥር ሲታይ ትንሽ ቢመስልም በሥራ ላይ ትልቅ ነው። የጃፓኑ ስለት ቀጭን ሆኖ ሊሳል ይችላል፤ ስለቱንም ለረዥም ጊዜ ይይዛል። ነገር ግን አጥንት ቢመቱበት ይሸረፋል፤ እርጥበት ላይ ትተውት ቢያድሩም ይዝጋል። ስለዚህ ሻጭ የሆነ ሰው ይህን ጉድለት ሳይደብቅ አስቀድሞ መናገር አለበት፤ አለዚያ ገዢው በማግሥቱ የተሸረፈውን ካራ ይዞ ይመለስበታል።

ከስለቱ ቅርጽም ልዩ የሆነ ነገር አለ። ብዙዎቹ የጃፓን የሙያ ካራዎች የሚሳሉት በአንድ ወገን ብቻ ነው፤ ሌላው ወገን ጠፍጣፋ ሆኖ በመካከሉ እምብዛም የማይታወቅ ጎድጎድ ያለ ስፍራ ይኖረዋል። በዚህም ምክንያት የተቆረጠው ሥጋ ወይም ዓሣ ከብረቱ ላይ አይጣበቅም። ታዲያ ካራው በቀኝ እጅ ለሚሠራ ሰው የተሳለ እንደ ሆነ ግራኙ ሰው ሊገለገልበት አይችልም፤ ግራኝ የሆነ ገዢ ለብቻው ያዝዛል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል።

አፎቱ ከካራው ያላነሰ ብልኀት የሚጠይቅ ሥራ ነው። በጃፓን ለሰይፍም ሆነ ለካራ አፎት የሚመረጠው ሆኖኪ የሚባለው እንጨት ነው፤ ይህ እንጨት ለስላሳና ሙጫ የሌለው ስለ ሆነ ብረቱን አይፍቅም፣ ዝገትም አያመጣበትም። አናጢው እንጨቱን ለሁለት ሰንጥቆ የካራውን ቅርጽ በየግማሹ ላይ ይፈለፍላል፤ ሁለቱን ግማሾችም ከሩዝ በተሠራ ማጣበቂያ ይገጥማቸዋል። ለምን በጠንካራ ማጣበቂያ አልገጠመውም ቢባል፣ ምናልባት ውስጡ ቆሻሻ የገባበት ወይም የዛገ እንደ ሆነ አፎቱ ሳይሰበር ተከፍቶ ሊጠረግ ይገባልና ነው። በደንብ በተሠራ የሰይፍ አፎት ውስጥ ስለቱ ከእንጨቱ ጋር አይነካካም፤ ከእጀታው ሥር ያለው የነሐስ ወይም የመዳብ ቀለበት በአፎቱ አፍ ላይ ጥብቅ ብሎ ሰይፉን አንጠልጥሎ ይይዘዋል። አፎቱ ተዘቅዝቆ ቢያዝ እንኳ ሰይፉ አይወድቅም፤ በአውራ ጣት ጥቂት ሲገፉት ግን ወዲያው ይለቃል። የአፎት ሠሪ ሙያ የሚመዘነው በዚህች ጥቂት ግፊት ነው።

ይህ ሁሉ ሙያ በአንድ ሰው እጅ ያለ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እንዲያ አይደለም። ከኦሳካ አጠገብ የምትገኘው ሳካይ የምትባለው ከተማ ከጥንት ጀምሮ በካራ ሥራ የታወቀች ናት። በ16ኛው መቶ ዓመት ፖርቱጋሎች ትምባሆን ወደ ጃፓን ካስገቡ በኋላ የሳካይ ቀጥቃጮች የትምባሆ ቅጠል መክተፊያ ካራ ሠርተው ዝና አገኙ፤ የዘመኑም መንግሥት የጥራት ምልክት የሚሆን ማኅተም ሰጣቸው። በሳካይ ብረቱን የሚቀጠቅጠው አንድ ቤት፣ ስለቱን የሚያወጣው ሌላ ቤት፣ እጀታውን የሚሠራውም ሦስተኛ ቤት ነው። ታዲያ እነዚህን የሚያገናኛቸው ማን ነው? ነጋዴው ነው። ጅምላ ሻጩ ከደንበኛው ትእዛዝ ተቀብሎ ለእያንዳንዱ ባለሙያ ያከፋፍላል፤ የብረቱን ዋጋ አስቀድሞ ይከፍላል፤ የተበላሸውን ይመልሳል፤ የተሳካውን በስሙ ይሸጣል። ብዙ ጊዜም በካራው ገላ ላይ ተቀርጾ የሚታየው ስም የዚሁ የንግድ ቤት ስም ነው። እንግዲህ የጃፓን ካራ ዝና ከቀጥቃጩ ክንድ ያልተናነሰ የነጋዴው መዝገብ ውጤት ነው ማለት ነው።

ይህ ሥርዓት ከባድ ፈተና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1876 ነው። በዚያ ዓመት የሜይጂ መንግሥት ከወታደርና ከፖሊስ በቀር ማንም ሰው ሰይፍ ታጥቆ እንዳይሄድ በአዋጅ ከለከለ። ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ በኖረ የሰይፍ ሥራ ይተዳደሩ የነበሩ ሰዎች በአንድ ጊዜ ገበያ አጡ። ከእነርሱ ብዙዎቹ ወደ ወጥ ቤት ካራ፣ ወደ መቀስና ወደ እርሻ መሣሪያ ሥራ ዞሩ፤ ዛሬ በጃፓን ካራ የሚደነቀውም ሙያ በከፊል የዚያ ጊዜ ችግር የወለደው ነው። የሳካይ የካራ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1982 በመንግሥት ዘንድ የአገር ባህላዊ የእጅ ጥበብ ተብሎ ተመዘገበ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የምናገኘው ታሪክ በአንድ በኩል ከዚህ ጋር ይመሳሰላል፣ በሌላ በኩል ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጎራዴና ሾተል በኢትዮጵያ የክብር ምልክት ነበሩ፤ መኳንንቱም በቀኝ ወገናቸው ይታጠቋቸው ነበር። በዐፄ ምኒልክና ከዚያም በኋላ በነበሩት ዘመናት ግን ከጎራዴዎቹ ብዙዎቹ ስለታቸው የተሠራው በውጭ አገር ነው። በጀርመን የብረት ከተማ በዞሊንገን የነበሩ ፋብሪካዎች፣ በእንግሊዝም ዊልኪንሰን የተባለው ኩባንያ የይሁዳ አንበሳ ምስልና የአገራችን ፊደል የተቀረጸባቸውን ስለቶች ለኢትዮጵያ ገበያ ሠርተው ይልኩ ነበር። እዚህ ከደረሱ በኋላ እጀታቸው ከአውራሪስ ቀንድ ይሠራ ነበር፤ አፎታቸውም ከቀይ ቆዳ ተሰፍቶ፣ የባለ ማዕረግ የሆነ እንደ ሆነ በከፋይ ተሸፍኖና ብር ተለብጦበት ያምር ነበር። የአውራሪስ ቀንድ ንግድ ዛሬ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ስለ ሆነ የዚያ ዘመን እጀታዎች የቤተ መዘክር ዕቃ ሆነው ቀርተዋል።

እንግዲህ ጃፓኖች ስለቱን ከአፎቱ ጋር በአገራቸው ሲሠሩ፣ እኛ ስለቱን ገዝተን አፎቱን ሠራን። ይህ የሆነው ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ስላልነበረ አይደለም። የአፋር ሰው በወገቡ የሚታጠቀው ጊሌ የተባለው በሁለት ወገን የተሳለ ቆልማማ ካራ ከነቆዳ አፎቱ የታወቀ ነው። በጎንደር አጠገብ ባለችው በወለቃ መንደርና በአካባቢው ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤላውያን ማረሻውን፣ ማጭዱንና ካራውን ለገበሬው ይሠሩ ነበር፤ ብዙዎቹ በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. ወደ እስራኤል ሄደዋል። በአዲስ አበባም መርካቶ ውስጥ ምናለሽ ተራ የሚባለው ስፍራ ካገለገለ ብረት አዲስ መሣሪያ በማውጣት የታወቀ ነው።

የጎደለው ሌላ ነገር ነው። ብረት የሚቀጠቅጠውን «ጠይብ»፣ ቆዳ የሚያለፋውን «ፋቂ» እያሉ መስደብ የቆየ ክፉ ልማድ ነበር፤ ቀጥቃጩም በዓይኑ ሰው ይበላል እየተባለ ይፈራ ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሥራው መስደብን ከለከሉ። አዋጁ የወጣ ቢሆንም ስድቡ ፈጥኖ አልጠፋም። በሥራው የሚሰደብ ሰው ደግሞ በሥራው ላይ ስሙን ይጽፋል ተብሎ አይጠበቅም። ስለዚህ የዞሊንገን ፋብሪካ ስሙን በጎራዴው ላይ ሲያትም፣ የአገር ቤት ካራ በአብዛኛው ስም አልባ ሆኖ ኖረ። ስም የሌለው ሸቀጥ ምንም ጥሩ ቢሆን በድጋሚ በስሙ ተጠርቶ አይታዘዝም፤ መጥፎም ቢሆን ተጠያቂ የለውም። ዋጋው ሁልጊዜ በክርክር የሚወሰነውም በዚህ ምክንያት ነው።

የሸቀጥ ስም እንዴት እንደሚለወጥ ለማየት ደግሞ ከጃፓን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም፤ የአገራችን ነጋዴዎችም ይህን በቅርብ ያዩት ነው። ኢትዮጵያና ጃፓን የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1923 ዓ.ም. ነው፤ በተከታዩ ዓመት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ጃፓንን ጎብኝተው «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የተባለውን መጽሐፍ ጻፉ። በዚያን ጊዜ በገበያችን የጃፓን ስም የሚነሣው በአቡጀዲ ነበር፤ ርካሽነቱም የአሜሪካንን አቡጀዲ ከገበያ እስከ ማስወጣት ደርሶ ነበር። ጃፓን ማለት ርካሽ ማለት ነበር። በአንድ ሰው ዕድሜ ውስጥ ግን ያው ስም ለመኪና፣ ለራዲዮና ለካራ የጥራት ማረጋገጫ ሆነ።

ስሙ ይህን ያህል ከከበረ በኋላ አስመሳይ መምጣቱ አይቀርም። «የጃፓን ስልት» ማለት በጃፓን የተሠራ ማለት አይደለም፤ በቻይና ያንግጂያንግ፣ በፓኪስታንም ዋዚራባድ የሚባሉት ከተሞች በዚህ ስልት ካራ በብዛት ያመርታሉ። ይህ በራሱ ነውር የለበትም፤ በእነዚህም ከተሞች ጥሩ ሥራ ይሠራል። ነውሩ የሠሪውን አገር መደበቁ ነው። አስመጪው ሊጠነቀቅባቸው ከሚገቡት ነገሮች አንዱ በገላው ላይ እንደ ውሃ ሞገድ የሚታየው ሥዕል ነው። እውነተኛው ሞገድ ከተደራረበ ብረት የሚወጣ ስለ ሆነ እስከ ውስጥ ይዘልቃል፤ ካራው ተወልውሎ በቀላል አሲድ ቢታጠብ ተመልሶ ይታያል። የታተመው ግን አንድ ጊዜ ከተፋቀ አይመለስም። የማይዝግ ብረት መሆኑን በማግኔት እንፈትናለን የሚሉም ሰዎች አሉ፤ ይህ ፈተና ለካራ አይረዳም፤ ለስለት የሚሆነው የማይዝግ ብረት እንደ ሌላው ብረት ማግኔት ይስበዋልና።

አሁን ወደ ካዛንቺስ እንመለስ። ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በጣሊያን ወረራ ዘመን ኢንቺስ የተባለው ድርጅት ለመንግሥት ሠራተኞች ካሠራቸው ቤቶች ነው፤ ካዛ በጣሊያንኛ ቤት ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ በሆቴሎቹና በሥጋ ቤቶቹ ታወቀ። በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ሥራ ምክንያት የሰፈሩ ትልቅ ክፍል ፈርሶ ብዙ ነዋሪዎችና ባለ ሱቆች ወደ ሌላ ስፍራ ተዛውረዋል። ለዚህ ጽሑፍ ቁም ነገሩ ደንበኛ ሲበተን የሚከተለው ነገር ነው። ባለ ሥጋ ቤቱ ካራውን የሚስልለትን ሰው፣ ሳዩም የሚያውቀውን ካራ ያጣል፤ ይህ ሁሉ ትውውቅ በቃል ብቻ የቆመ ነበርና። በመዝገብ የተጻፈ ትእዛዝ፣ በብረት ላይ የታተመ ስም ግን ሰፈር ቢለወጥም ሠሪውንና ገዢውን መልሶ ያገናኛል።

ለሥጋ ቤት የሚሆን ካራ እንደ ጃፓኑ እጅግ የጠነከረ መሆን የለበትም፤ አጥንት ያገኘዋልና። ለዚህ ሥራ የመኪና ባሌስትራ ተስማሚ ነው። ባሌስትራ ከመቶ ግማሽ እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት የበለጠ ካርቦን ስላለበት በእሳት ግሎ በዘይት ሲነከር ይጠነክራል፤ ቀጥሎም በመጠነኛ ሙቀት ሲለዝብ ሳይሰበር ስለት ይይዛል። (ቃሉም ከጣሊያንኛ የመጣ ሲሆን የጥንት ትርጓሜው ቀስት መወርወሪያ መሣሪያ ነው፤ የጦር መሣሪያ የነበረው ስም የመኪና ምቾት ሆኖ፣ ተመልሶ ካራ ሆነ ማለት ነው።) የሕንፃ ፌሮ ግን ካርቦኑ አነስተኛ ስለ ሆነ ምንም ያህል ቢቀጠቀጥ ጥሩ ስለት አይወጣውም። ሁለቱ ተወልውለው በሱቅ ሲቀመጡ ዓይን አይለያቸውም፤ የሚለያቸው የሠሪው ታማኝነት ነው። ስለትንም የሚያጠፋ አንድ የተለመደ ስሕተት አለ፤ ይኸውም ውሃ በማያገኝ ፈጣን መሳያ ላይ ካራን እስኪበለጭ ማስነካት ነው። የስለቱ ጫፍ እጅግ ስስ ስለ ሆነ በቅጽበት ይግላል፤ ወደ ሰማያዊ ከተለወጠም ጥንካሬውን ለቋል ማለት ነው። ጃፓኖች በውሃ በራሰ ድንጋይ ቀስ እያሉ የሚስሉት ስለዚህ ነው።

አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ የሳካይን ጅምላ ሻጭ ሥራ ልሞክር ቢል ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው የትእዛዝ ወረቀት ነው። በወረቀቱም ላይ የካራው ርዝመትና የጀርባው ውፍረት፣ ብረቱ ከምን እንደሚወሰድ፣ ካራው ለሥጋ ወይም ለአትክልት መሆኑ፣ የተጠቃሚው እጅ ቀኝ ወይም ግራ መሆኑ ይጻፋል። ለእጀታው ወይራ አለ፤ የጃፓን እጀታ በአንገቱ ላይ የጎሽ ቀንድ ቀለበት እንደሚደረግለት ሁሉ፣ ዋንጫ ከቀንድ ሲሠሩ ለኖሩት ባለሙያዎቻችን የበሬ ቀንድ ቀለበት መሥራት አዲስ ነገር አይሆንባቸውም። ቀጥቃጩ ስሙን ወይም ምልክቱን ብረቱ ሳይጠነክር በፊት እንዲያትምበት መስማማት ያስፈልጋል፤ ከጠነከረ በኋላ አይሆንምና። ምልክቱንም በ1998 ዓ.ም. በወጣው የንግድ ምልክት ምዝገባና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 501 መሠረት ማስመዝገብ ይቻላል። መንግሥት የይርጋ ጨፌን፣ የሐረርንና የሲዳሞን ቡና ስሞች በውጭ አገር ማስመዝገብ በጀመረ ጊዜ የተቃወሙት ነበሩ፤ ሆኖም በ1999 ዓ.ም. ስታርባክስ የተባለው ትልቁ የአሜሪካ ኩባንያ ስለ እነዚሁ ስሞች ከኢትዮጵያ ጋር ስምምነት ፈርሟል።

አፎቱን በሚመለከት አንድ ምክር ብቻ ይጨመራል። ቆዳ ለመታጠቂያ ያምራል፤ ለማስቀመጫ ግን አይመችም፤ ሲለፋ የገባበት ኬሚካልና በክረምት የሚስበው እርጥበት ካርቦን የበዛበትን ብረት ያዝጉታልና። ስለዚህ ትእዛዙ ሲሰጥ የቆዳው አፎት ውስጡ በስስ እንጨት እንዲለበጥ፣ ጫፉም ላይ ውሃ የሚወጣበት ትንሽ ቀዳዳ እንዲተው መነገር አለበት። ገዢውም ካራውን ከሥራ በኋላ አጥቦ፣ አድርቆ፣ ጥቂት ዘይት አስነክቶ ወደ አፎቱ ይመልሰው፤ በክረምት ወራት ሳይሠራበት የሚቆይ ከሆነ ግን ካራውና አፎቱ ለየብቻ ይቀመጡ።